ሳምፕለሩን የፈለግሁት ለድምፁ ነው

ሐሙስ፣ አፕሪል 13

የአይሁዱ ፋሲካ ትናንት ወጣ። እስከ ሻቩኦት በዓል ሠርግ የለም ማለት ይቻላል፤ ለሠርግ ሙዚቀኛ ይህ ዕቃ የሚጠገንበት ወቅት ነው። ሦስት ነን። እኔ ኪቦርዱንና ላፕቶፑን እይዛለሁ፣ ዋኘው ከበሮ ይመታል፣ ሮተም ትዘፍናለች። ሮተም ወጣት ናት፣ እዚሁ የተወለደች። ከዋኘው ጋር ግን ከጎንደር መጥተን ካንድ አውሮፕላን ወርደን ካንድ ሆቴል ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም።

ከፋሲካ በፊት በነበረው የመጨረሻ ሠርግ፣ ሀዴራ ላይ፣ ጭፈራው መሀል ላይ ተሰበረ። ከበሮው ወደ አንድ በኩል ሂደ፣ የሰው እግር ሁሉ ወደ ሌላ በኩል። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁና ተቀመጡ። ለሮተም የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነው አልኋት። ድምፅ ማጉያ ከበሮ አይመታም አለችኝ። ዋኘው ወዲያ ዙሮ ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ የሰማ አይመስለኝም።

አሮጌ ሳምፕለር ልገዛ ወስኛለሁ። የሰማንያዎቹ ዓይነት፣ የጎማ መምቻ ያለው ሣጥን። የፈለግኸውን ድምፅ ትቀዳበታለህ፣ ጎማውን ስትመታው ያንኑ ድምፅ ይመልስልሃል። ላፕቶፑ ላይ ካለው የሙዚቃ ፕሮግራም ጋር በገመድ ይገናኛል። የድሮዎቹ ድምፃቸው ወፍራም ነው ይባላል። ለድምፁ ነው የምፈልገው።

እሑድ፣ አፕሪል 16

ልጄ ሊላክ ስልኬ ላይ የሣጥኖቹን ፎቶ አየች። «አባ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ እኮ ስንት ዓይነት ከበሮ አለ። ሐቫል» አለችኝ። ሐቫል የምትለው ለከንቱ ልፋት ሁሉ ነው፤ ለአጎቷ ጋብቻም ብላዋለች። ለድምፁ ነው አልኋት። የትኛው ድምፅ አለች። ወፍራሙ አልኋት። ማዳመጫዋን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

እንጀራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ነገ የጠዋት ተረኛ ነኝ። አውቶቡሱን እኔ ነኝ የማስነሣው።

ረቡዕ፣ አፕሪል 19

ከተራዬ ወጥቼ ኦሬን ዘንድ ሂድሁ። ኦሬን መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አወጣልኝ። የመጀመሪያው መምቻዎቹ ትንንሽና ድርቅ ያሉ ናቸው፣ የካልኩሌተር ቁልፍ ይመስላሉ። ለሱ ጣትን አነጣጥሮ መጣል ያስፈልጋል፤ ተውኩት። ሁለተኛው ሰፋፊ ነው፣ ግን ጽሑፍ የሚያሳየው መስኮቱ አይበራም። ምን ላይ እንዳለህ ሳታውቅ ትመታለህ።

ሦስተኛው ጃፓን ሠራሽ ነው፣ ከሣጥኑ የወጣው ትናንት የሚመስል። መምቻዎቹ እንደ መዳፍ ሰፋ ያሉ፣ ለስላሳ። በላባ ብትነካው ይጮሃል አለ ኦሬን። ቀኝ እጄን አላልቼ፣ አቅም እንደሌለው አድርጌ ጎማው ላይ ጣልሁት። ጮኸ። እጅህን ያምሃል ወይ አለኝ። የለም አልሁት። ደግሜ ጣልሁት።

ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው የድምፁን ነገር አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ።

እሑድ፣ አፕሪል 30

አልጋነሽ፣ የዋኘው ሚስት፣ ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ተሳፈረች። ሁልጊዜ ከኋላዬ ቁማ ነው የምታወራኝ። ሹፌሩን አታናግሩ የሚለው ማስታወቂያ በዕብራይስጥ ስለሆነ እኔን አይመለከትም ትላለች። ለኖያ ሠርግ ጨርቅ ልታይ ነው ወደ ከተማ የምትወርደው። ኖያ ልጃቸው ናት፣ ጁን አጋማሽ ላይ ታገባለች። ዋኘው ልጄን በከበሮ የማስገባት እኔው ነኝ ብሏል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሲለው ቁይቷል።

ለዋኘው ሻይ በሙሉ ብርጭቆ መቅዳት ትቻለሁ አለች። ግማሽ ትቀዳለታለች፣ ያንን ሲጨርስ ትጨምርለታለች። ስለ ስኳር እንደሚወራ ቀለል አድርጋ ነው የነገረችኝ። ኩፓት ሆሊም ሂደህ በሐኪም ታይ ስትለው ብርድ ነው ይላታል። በዚህ ሙቀት የምን ብርድ ነው አለችኝ፤ እኔን የጠየቀች ይመስል።

«ከአንተ ጋር ሲጫወት ግን ደኅና ነው አይደል?» አለችኝ።

ደኅና ነው አልኋት። አንድ ማቆሚያ አልፌ ሂድሁ። ከኋላ አንድ ወታደር እንድቆም ጮኸብኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 2

ለስላሳውን ገዛሁ። ሊላክ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው። ይሠራል። ከፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው ድምፁን የሚያነበው፣ እያጉረመረመ።

ሐሙስ፣ ሜይ 4

ድምፅ ካልገባበት ሣጥን ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ከበሮዎች ሞከርኋቸው፤ አንዱም የጎንደር ሠርግ አይመስልም፣ ሁሉም ሆቴል ሆቴል ይላሉ። የዋኘው ከበሮ ነው የሚያስፈልገው። ዋኘው በቤቱ በሌለበት ሰዓት ሂጄ አልጋነሽን ከበሮውን ስጪኝ አልኋት። ለምን ሳትለኝ ከነማንገቻው አውጥታ ሰጠችኝ።

ራሴ መትቼ ቀዳሁት። ወፍራሙን ጎን፣ ቀጭኑን ጎን፣ ጠርዙን፣ በመዳፍ፣ በጣት። እኔ ስመታው በር የሚያንኳኳ ፖሊስ ነው የሚመስል፤ ቢሆንም ድምፁ የሱ ከበሮ ድምፅ ነው።

ለዋኘው ነግሬው መውሰድ ነበረብኝ። ድንገት ላስደስተው ስላሰብሁ ነው እንበል። ቅዳሜ እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ ሜይ 7

ቅዳሜ አልነገርሁትም። ዛሬ ደወልሁ፣ አላነሣም። ደግሜ ደወልሁ።

ሮተም በሦስታችን የጋራ ዋትሳፕ ላይ የሳምፕለሩን ፎቶ ለጥፋ፣ በመጨረሻ እኛም እንደ ሰው ልንሆን ነው ብላ ጽፋለች። ፎቶውን ከየት አገኘሽው ብዬ እዚያው ጻፍሁ። ከሊላክ አለች። ዋኘው አይቶታል፤ ከኔ ጽሑፍ ሥር ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች አሉ። መልስ አልጻፈም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 9

ትናንት ማታ የእሳቱ በዓል፣ ላግ ባዖሜር፣ ገባ። በየዓመቱ ከዋኘው ሕንፃ ጀርባ ባለው ሜዳ አብረን እሳት እናነዳለን። ዘንድሮ እንግዳ አለብኝ ብሎ በልጁ በኩል ላከብኝ። የማታው ተራ ስለነበረኝ በአውቶቡሱ በዚያው አለፍሁ። ከሕንፃው ሥር አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሰው እሳት ያያል። ቀኝ እጁን በግራው ይዞታል።

እንግዶቹን አላየኋቸውም። ውስጥ ይሆናሉ።

ሐሙስ፣ ሜይ 11

ማዕከላዊ ጣቢያ ላይ፣ ሞተር አጥፍቼ ሳርፍ፣ ኖያ በፊት በር ገባች። ከሥራ እየተመለሰች ነው። ዶድ ገበያው ነው የምትለኝ፣ እንደ አጎቷ።

«ዶድ ገበያው፣ አባ ለሠርጌ አልመታም አለ» አለችኝ። «ገበያው ማሽን ገዝቷል፣ ከበሮዬንም ከቤት ወስዶታል፣ እንግዲህ ማሽኑ ይምታላት አለ። ናኾን?»

እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ማሽን መግዛቴ እውነት ነው አልኋት። ከበሮውም እኔ ዘንድ ነው አልኋት። ለድምፁ ነው አልኋት።  ቲኬቷን አስነክታ ከኋላ ሂዳ ተቀመጠች። እስከ ጊቫት ሃሞሬ በመስተዋት አየኋት፤ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። አቧራ ነው አልልም።

ቀላል ነገር ነበር። ገና ሳልገዛ ሂጄ መናገር። ሰው እንደ ወንድሙ የሚያየውን ምን ይፈራል?

ዓርብ፣ ሜይ 12

ከበሮውን በአንድ ትከሻ፣ ሳምፕለሩን በሌላው ይዤ ወደ ዋኘው ቤት ወጣሁ። ሊፍቱ አይሠራም። አልጋነሽ በሩን ከፍታ ከበሮውን እንዳየች ሱቅ መሄድ እንዳለባት ትዝ አላት።

ዋኘው ሳሎን ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከጭኑ ሥር ነው። ቁጭ በል አላለኝም፤ ቁጭ አልሁ።

«ልትተካኝ ከሆነ ራስህ ንገረኝ» አለ። «ሮተም የጻፈችውን አነበብሁ። ከበሮዬ ከቤቴ መውጣቱን ከሚስቴ ሰማሁ። ከአንተ ብቻ ነው ያልሰማሁ።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ስለ ወፍራም ድምፅ የሚያወራ። አልመጣልኝም።

«የገዛሁት አንተ እንድትመታው ነው» አልሁት። «ቆዳው ጉልበት ይፈልጋል። ይሄ አይፈልግም።»

 ከላይኛው ፎቅ ቤት ዕቃ ይጎተታል።

«እጄን አይተኸዋል ማለት ነው» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሀዴራ ላይ?»

«ከዚያ በፊት። ከሱኮት በዓል ጀምሮ።»

«ሰባት ወር ሙሉ አይተህ ዝም አልህ።»

«አንተም ዝም አልህ» አልሁት።

ይሄን መናገር አልነበረብኝም፤ ግን እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ከጭኑ ሥር አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም ተመለከትነው፣ እንደ ሦስተኛ ሰው። እኔ ሳምፕለሩን ሰካሁ።

መጀመሪያ በግራው ነካው፣ የገዛ ከበሮው ድምፅ ወጣ። ፈገግ አለ። ቀጥሎ በቀኙ መታ። ድ-ድ-ድም አለ። ደግሞ መታ። ድ-ድም። መምቻው ለስላሳ ነው፣ በላባ ብትነካው ይጮሃል፤ የእጁን መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥቶ ይናገራል። እኔ የሣጥኑን ማስተካከያ እነካካ ጀመር፣ ይሄን ወደ ታች፣ ያንን ወደ ላይ። አልረዳም።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይሄ ዕቃ አሳባቂ ነው» አለ። «ቆዳው እንኳ ይሸፍንልኛል።»

አልጋነሽ ከሱቅ ስትመለስ ምንም አልያዘችም።

ሰኞ፣ ሜይ 15

ለሊላክ ሁሉንም ነገርኋት። ሁሉንም ስሰማ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለምን መጀመሪያ እንዲህ አላልኸኝም አለችና ፕሮግራሙ ላይ ተቀመጠች። ትርፍ ምቱን የሚያጠፋ ነገር አገኘች። ይሠራል፤ ግን ምቱን አይቶ፣ አስቦ፣ ከዚያ ነው የሚያሰማው። ያች የማሰቢያ ጊዜ ለእኔ አትታወቀኝም። ለዋኘው ደወልሁ፤ መጥቶ ሞከረው። «ድምፁ ከእጄ በኋላ ይመጣል» አለ። «ሬሳ ከተሸኘ በኋላ እንደሚደርስ ለቀስተኛ።»

ስልኩን አንሥቷል፣ ዋናው እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 23

ኖያ የነርቭ ሐኪም ቶር አገኘችለት፣ ሰው ሰርዞ የተለቀቀ ተራ። እኔ ነኝ በመኪናዬ ያደረስሁት። ብቻውን ገባ። ውጭ ጋዜጣ ያዝሁ፤ ገልብጬ መያዜን ያወቅሁት ሲወጣ ነው።

መኪና ውስጥ ነገረኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሒድ ተመለስ አለው፣ ክብ ሣል አለው፣ ከዚያ አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን አንኳኳ፣ ቶሎ ቶሎ አለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ያንኳኳሁትን» አለኝ። «ምቱ ጠፍቶብኝ አያውቅም አልሁት። ምት አይደለም የምፈልገው አለኝ።» ፓርኪንሰን ነው የተባለው። መድኃኒት አለው፣ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም።

ምን እንደምለው ሳስብ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሁኗል፤ ከኋላ ክላክስ አበዙብኝ። ለሁለታችንም ስድብ ተቀበልሁ።

ለአልጋነሽ እሱ ራሱ ሊነግራት ነው። እንድገባ ለመነኝ። ገባሁ። ሲነግራት ማድቤቱን ነበር የማየው።

እሑድ፣ ሜይ 28

ሠርጉ ቀርቧል። ሮተም ሌላ ከበሮ መቺ ላምጣ ወይ አለችኝ። ቆይ አልኋት። የሕመሙን ነገር ስነግራት ስልኩን ዘግታ ዋትሳፕ ላይ የጻፈችውን አጠፋችው። አሁን «ይህ መልእክት ተሰርዟል» ይላል። ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምን እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ሌላ ሳምፕለር ኢንተርኔት ላይ አየሁ። የኔው ሣጥን ወንድም ነው፣ ያው ሞዴል። ሻጩ አሞስ የሚባል ሽማግሌ፣ ከሸለቆው የጋራ እርሻ መንደሮች፣ ከኪቡጾቹ ባንዱ የሚኖር። «መምቻዎቹ ያረጁ፣ በኃይል ካልተመቱ አይሰሙም፤ ለመለዋወጫ ብቻ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በኃይል ካልተመቱ አይሰሙም።

ሰኞ፣ ሜይ 29

አሞስ ዘንድ ሂድሁ። ለበዓል የመንደሩን ልጆች ሲያስጨፍርበት የኖረ ሰው ነው፤ ጎማው በሱ እጅ ነው ያለቀ። እጄን እያንቀጠቀጥሁ መምቻው ላይ አኖርሁ። ዝም። አንሥቼ በደንብ መታሁ። ድም፤ አንድ ጊዜ። መልሼ እያንቀጠቀጥሁ አኖርሁ። ዝም።

አሞስ ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ ብሏል እኮ ማስታወቂያው፣ ደንቁሯል አለ። የኔን ለስላሳውን አውጥቼ እንለዋወጥ አልሁት። ሁለቱን አይቶ እምቢ አለ። ሌባ ታደርገኛለህ አለኝ። ያንተ እኮ አዲስ ነው፣ የኔ በድን ነው፣ ሰው እንዲህ አይገበያይም። የምፈልገው ደንቆሮውን ነው አልሁት። ለምን አለኝ።

እዚያ፣ ለማላውቀው ሰው፣ በዕብራይስጥ፣ ሳልንተባተብ ነገርሁት። ጓደኛዬ ታሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ሣጥን መንቀጥቀጡን አይሰማም፣ ምቱን ብቻ ይሰማል።

አሞስ ሣጥኑን በጨርቅ ወለወለልኝ። ሲያቀብለኝ መምቻዎቹን እንዳትጠግኑ አለ።

ረቡዕ፣ ሜይ 31

ዋኘው ሞከረው። ዲስኩን ስከት አፍንጫውን ነፋ፣ እንደማያምን ሰው። በቀኙ መታ። ድም። ጠበቀ። ትርፍ ድምፅ የለም። ደግሞ መታ። ግራውን ጨመረ። እጁ በምትና በምት መካከል አየር ላይ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤ ሲወርድ ግን ሰዓቱን ያውቃል። መቼም ቢሆን ሰዓቱን አጥቶት አያውቅም ነበር ማለት ነው። ሀዴራ ላይ እጁ ከበሮው ጠርዝ ላይ እያረፈ ነበር ያሳሳተው፤ እኔ ግን ምቱ ጠፋበት ብዬ ነበር።

«ደንቆሮ ነው» አልሁት።

«ደንቆሮ ምስጢር አያወጣም» አለ፣ መምታቱን ሳያቆም።

ችግሩ በኃይል መምታት ያደክማል። ሁለት ዘፈን እችላለሁ አለ፣ ሦስተኛውን እንጃ። የልጅህ መግቢያ አንድ ዘፈን ነው አልሁት። አልጋነሽ ከማድቤት በር ቁማ በእግሯ ትመታ ነበር። ሳያት አቆመች።

ዓርብ፣ ጁን 16

ትናንት ኖያ አገባች።

ዋኘው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫቱን ሊላክ አስራለት፣ ከሳምፕለሩ ኋላ ቆመ። የአዳራሹ ድምፅ ሠራተኛ ሣጥኑን አይቶ ይሄ ከሙዚየም ነው ወይ አለኝ። ኖያ በር ላይ ስትታይ ዋኘው መታ። የጎንደሩ ምት በአዳራሹ ሙሉ ተሰማ፣ ወፍራም ነው፣ እውነትም ወፍራም ነው። ሰው ተነሣ። ሮተም ፊቷን ወደ እንግዳው ሳይሆን ወደሱ አድርጋ ዘፈነች፤ እንደዚህ ስትዘፍን ሰምቼያት አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ መጡና ከበሮው የት አለ፣ ይሰማኛል እንጂ አይታየኝም አሉ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ። አጥተው ተመለሱ።

ሁለቱን ዘፈን ጨረሰ። ሦስተኛውን ጀመረ፣ መሀሉ ላይ ክንዱ ዛለ። ፊቱ ላይ አየሁት። በአገጩ ጠራኝ። ሊላክ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ኪቦርዱን ያዘችልኝ። ለሣጥኑ ጠጋ አልሁ። «ያዝልኝ» አለና ምቱ ሳይቋረጥ እጁን አንሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። እንደ ፖሊስ መታሁ። ሮተም አንድ ጊዜ ዙራ አየችኝ።

ዋኘው ወደ ጭፈራው ወረደ። ኖያ እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። ፊት ለፊት ቆሙ፣ እስክስታውን ወረዱት። ትከሻ፣ አንገት፣ ደረት። እጁ ከደረቱ ፊት ለፊት ይንቀጠቀጣል፣ እስከ ክንዱ። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማይንቀጠቀጥ ሰው አልነበረም። አማቾቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አልጋነሽ ከሁሉም ትበልጣለች። አንድ የሙሽራው ወገን ስልኩን አንሥቶ ዋኘውን ቀረጸ፣ የእጁን አጣጣል ተመልከቱ እያለ።

ዓይኔን የጠረግሁት ስለላበኝ ነው። ሊላክም ልክ ነው፣ ሙቀት ነበር አለች።

ዕረፍት ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ መልስ አዘጋጀሁ።

«የሚቀጥለው ሠርግ የት ነው?» አለ።

«ነታንያ።»

«በስንት ሰዓት ነው የምትወስደኝ?»